ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት የኔታ ዘንድ ጥቂት ወራት ተቀምጬ ነበር፤ የእርሻ እጅ ሲያጥር አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። ስለዚህ ንባቤ በሬ ዳገት እንደሚወጣው ነው፤ መድረሱን ይደርሳል፣ ግን አይቸኩልም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥዬ የማወራችሁን ስትሰሙ «ሽማግሌው ማንበብ አቅቶት ነው» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። አንብቤዋለሁ። በቀይ ተጽፎ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን እያስከተልሁ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ያልገባኝ ፊደሉ ሳይሆን ጠባዩ ነው።

ቤቴ ከፍኖተ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚኖረው በበቆሎ ነው። ጤፉም ዳጉሳውም አለ፤ ነገር ግን ጎተራው ሞላ፣ ጎደለ የሚባለው በበቆሎ ነው። በቆሎ ደግሞ ምርጥ ዘር ይሻል። ካምናው ምርት ቆጥቤ ልዝራ ያልህ እንደሆነ፣ የምርጥ ዘር ልጅ አባቱን አይመስልም፤ አገዳው እንደ ሸምበቆ ይመዘዛል፣ ፍሬው ግን የሕፃን ጣት ያህላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘሩ አምልጦኝ እንዲያ አድርጌ ነበር። በተከታዩ ክረምት ባለቤቴ ምን ምን እንዳበሰለች አልነግራችሁም፤ እሷም እንድነግራችሁ አትፈልግም።

ዘንድሮ የገበሬዎች ማኅበራችን የዘር ምዝገባው ከወረቀት ወጥቶ በኢንተርኔት ሆኗል አለ። የልማት ሠራተኛው ቤት ለቤት እየዞረ አስመዘገበ። እኛ ቤት በመጣ ዕለት እኔ ሁለት ወንድማማቾች ላስታርቅ ወጥቼ ነበር። ልጄ እርሻ ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ምዝገባ ሲሏት ግብር ስለሚመስላት፣ እንግዳውን ጠላ አጠጥታ በሰላም መሸኘት ነው የምታውቀው። ስለዚህ ፎርሙን በስልኳ የሞላችው ምራቴ ብርቄ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ጣቶቿ ስልክ ላይ ሲሮጡ ጥጥ የምትፈትል ይመስላል።

ስመለስ ተመዝግበናል አለችኝ። የይለፍ ቃሉ የበሬያችን የቦቄ ስምና የተገዛበት ዓመት መሆኑን፣ ይህንንም ለማንም እንዳልናገር አደራ ብላ ነገረችኝ። አሁን ስለተቀየረ ነው የምነግራችሁ። የይለፍ ቃል ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ በወጣትነቴ ሚሊሻ ሆኜ ጥበቃ ቆሜበታለሁ። ጥበቃ ላይ ያለ ሰው «ማነህ?» ይላል፣ የመጣው ቃሉን ይናገራል፣ ከተሳሳተ ከየት እንደተሳሳተ ለመጨቃጨቅ ጊዜ የለም። እንዲያም ሆኖ እኛ «ቃሉን ተሳስተሃል» እንል ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ብርቄ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና ወሯ ሲቃረብ ወደ ወላጆቿ ወሰድናት። ወላጆቿ ከቡሬ ወዲያ ናቸው፤ ከመኪናው መንገድ ወርደህ፣ ሸለቆ ተሻግረህ። የስልክ አውታር እዚያ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው ከአንድ ጉብታ ላይ ነው፤ እሱም ነፋሱ ደስ ካለው። ሴት ልጅ መውለዷንም የሰማነው ለገበያ በወጣ ሰው አፍ ነው።

እንዲህ እያለን ግንቦት ሊገባ ሲል ከማኅበሩ መልእክት መጣ። የተመዘገበ ገበሬ ሁሉ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንደገና ገብቶ «ዘሩን እወስዳለሁ» ብሎ ማጽደቅ አለበት፤ ያላጸደቀ ሰው ድርሻ ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ልጄ ሰማዩን እያየ አራተኛውን እርሻ እያረሰ ነበር፤ ከሞፈር ላይ አላነሣሁትም። ራሴ ሰኞ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ ወረድሁ።

ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ትዕግሥት የምትባል ልጅ የኮምፒውተር ቤት አላት። ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሣለች፣ ፎርም ትሞላለች። ውስጥ አንድ አስተማሪ ፈተና ሊያባዛ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዲት ፎቶ ልትነሣ ነጠላዋን የምታስተካክል ሴት ነበሩ። ትዕግሥት የማኅበሩን ገጽ ከፈተችና ስሜን ጠየቀችኝ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ነገርኋት። (እዚህ አልጽፈውም። ከዚህ ሁሉ ጣጣ በኋላ ስሜን ለማንም ለመስጠት ቆጠብ ብያለሁ።) ቀጥላ ፓስወርዱን አለችኝ። አደራ አለብኝና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ ሹክ አልኋት።

እንግዲህ የኔ ጆሮ ትንሽ ከብዷል። ጆሮው የከበደ ሰው ሹክሹክታ ምን እንደሚመስል ባለቤቴን ጠይቋት፤ ቅዳሴ ላይ ስንት ጊዜ ቆንጥጣኛለች። ቀና ስል ቤቱ ሁሉ በሬዬን ያውቀዋል።

ትዕግሥት ጻፈች፣ ነካች። ገጹ ትንሽ አሰበና በቀይ እንዲህ የሚል አወጣ፦ «ያስገቡት የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም።»

እኔ በቀበሌያችን ሽማግሌ ሆኜ ስቀመጥ ዓመታት አልፈውኛል። አንድ ከሳሽ ከፊቴ ቆሞ «ይህ ሰው በሬዬን ወይም በጌን ሰርቆኛል» ቢለኝ፣ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሂድና ለይተህ ና። በ«ወይም» የተከሰሰ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ይህንኑ ለትዕግሥት ነገርኋት። የትኛው እንደተሳሳተ ጠይቂልኝ አልኋት።

«አባቴ፣ አይጠየቅም እኮ» አለች።

«አያውቀውም?»

«ያውቀዋል።»

«አውቆ ነው የማይናገረው?»

«አዎ።»

ይህ ነገር ውስጤ ገባ። ንዴት አልነበረም። የማወቅ ፍላጎት ነው የያዘኝ። አለማወቅ ያለ ነው፣ መዋሸትም ያለ ነው፤ አውቆ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ «ከሁለት አንዱ ነው፣ ራስህ ድረስበት» የሚል ግን በማውቀው ሰው ዘንድ አልነበረም።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ከሆነ፣ ስሜ ሊሆን አይችልም አልሁ። ሰው በሰባ ዓመቱ ጉልበቱን ይጠረጥራል፣ ዓይኑን ይጠረጥራል፣ የድንበር ድንጋይ ያንቀሳቀሰ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ የገዛ ስሙን አይጠረጥርም። ስለዚህ ጥፋቱ የቦቄ ነው። ምስጢሩ እንደሁ ተበትኗል፤ ቤቱ በሙሉ ምክር ጀመረ። አስተማሪው ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ይሆናል አለ። አንደኛው ተማሪ ቁጥሩ ከፊት ይሆናል አለ። ፎቶ የምትነሣዋ ሴት ደግሞ በሬው በእርግጥ በዚያ ዓመት መገዛቱን አጥብቃ ጠየቀችኝ፤ እኔም ከመራዊ ገበያ እንዴት እንደነዳሁት፣ ሻጩ እንዴት አንዱን ቀንዱን በእጁ ከልሎ እንዳሳየኝ ስተርክ ትዕግሥት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ቀይ ወጣ። ከዚያ ሌላ ነገር ተጻፈ፦ ከተፈቀደው በላይ ሞክረዋል፣ ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ይመለሱ።

ንስሐ ተሰጠኝ ማለት ነው። ወጥቼ ከአንድ ባለጋሪ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። ፈረሱ እንኳ አፍሮ ቆሟል። ሠላሳ ደቂቃው ሲሞላ ተመለስሁ፤ አሁንም ያው።

ትዕግሥት መላ አላጣችም። ከታች «የይለፍ ቃልዎን ረስተዋል?» የሚል አለ። አልረሳሁም አልኋት፤ ግን ረስቻለሁ ይበሉ አለችኝ፤ ለዘር ሲባል ረሳሁ። ገጹም አዲስ ቁጥር ወደ ስልክዎ ልኬያለሁ አለ። ስልኬን አወጣሁ። ዝም። ለካስ የላከው ወደ ተመዘገበው ስልክ ነው፤ ወደ ብርቄ። ቁጥሩ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬን አልፎ፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆሞ አውታር ይጠብቃል።

የመጨረሻው መላ እንደ አዲስ መመዝገብ ነበር። የመሬት ደብተሬን ቁጥር ጻፈች። «ይህ ይዞታ አስቀድሞ ተመዝግቧል» አለ።

«ማን አስመዘገበው?» አልሁ።

«እርስዎ።»

«እኔ እንግዲህ ገብቼ፣ ከውስጥ ቆልፌ፣ ራሴን አላስገባም ብያለሁ።»

«መሰለኝ፣ አባቴ» አለች ትዕግሥት፤ አልሣቀችም። ጥሩ አስተዳደግ አላት።

ማክሰኞ ገበያ ነበር። ሌሊቱን ሳስብ የደረስሁበት ነገር ይህ ነው፦ ማንነቱ የተካደ ሰው ምስክር ይቆጥራል። ጎረቤቴን አያ ሽባባውን፣ የክርስትና ወንድሜን፣ አንድ ደግሞ አባቴን የሚያውቁ አረጋዊ ይዤ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድሁ። ገጹን የሚያስተዳድረው ዳዊት የሚባል ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ከሌላ ወረዳ መጥቶ የሚሠራ። ሦስቱ ምስክሮች ከዘራቸውን ተደግፈው ከኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። አያ ሽባባው መስቀል አውጡልኝና ልማል አለ።

«አባቶቼ፣ የሳቸውን ስም ማን ካደ?» አለ ዳዊት።

«ይኸ» አለ አያ ሽባባው በከዘራው ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ።

ዳዊት ወንበር ሰጠንና የኔን ጉዳይ ከውስጥ ተመለከተ። ሲመለከት ፊቱን አየሁት። ነገሩን አገኘው፤ ከዓይኑ አወቅሁ። ስሜ ነው ወይ አልሁት፤ ዝም አለኝ። የይለፍ ቃሉ ነው ወይ አልሁት፤ ያንኑ ያህል ዝም አለኝ። ሁለቱም ላይ እኩል እኩል ዝም ማለት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከአንድ መነኩሴ በቀር ሲቻል አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። መንገር እንደማይፈቀድለት፣ የተመዘገበው ስልክ በእጄ ስለሌለ እኔ ራሴ ስለመሆኔ ማረጋገጫ እንደሌለው፣ ባለስልኳ ራሷ ልትነግረኝ እንደምትችል። «ወይም» የሚለውም ከስንፍና አይደለም። አንድ ሌባ የሰው ስም ገምቶ ቢያስገባና ገጹ «ስሙ ልክ ነው፣ ቃሉ ተሳስቷል» ቢለው ግማሹን በር ከፈተለት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን ብቻ ሲገምት ይውላል።

ምስክሮቹ ተያዩ። እኔ ግን ነገሩ ወለል አለልኝ። በአባቶቻችን ጊዜ እህል ከሽፍታ በጉድጓድ ይቀበር ነበር። ሽፍታው መጥቶ «ጉድጓዱ ከጓሮ ነው ወይስ ከበረት?» ይላል። «ከጓሮ አይደለም» ያልኸው ዕለት ከበረት መሆኑን ነገርኸው። ብልህ ሴት «ምን እህል አለን ብለህ ነው» ብላ ዝም ትላለች። ይህን ለዳዊት ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ፤ አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም አለ። ለኔም ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ የናቅሁት «ወይም» እህል የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ።

ያም ሆኖ ዘሬ አልጸደቀም፤ ሦስት ቀን ቀርቶኛል።

ረቡዕ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተነሣሁ። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ባለቤቴ ቅቤ በቅል፣ ማር በማሰሮ አስያዘችኝ። ማሰሮውን ጭኔ ላይ አቅፌ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠ ተማሪ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። የይለፍ ቃል ልጠይቅ ነው አልሁት። ማሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከቡሬ በጋሪ፣ ከጋሪ በእግር፣ ሸለቆውን ተሻግሬ ከሰዓት በኋላ ደረስሁ።

አሁን የቸገረኝ አገባቡ ነው። ልጅቷ አራስ ናት፤ ከመጋረጃ ወዲያ ናት፤ እኔ አማቷ ነኝ። ገብቼ «ያን ፎርም ምን ብለሽ ሞላሽው?» ብላት የሰው አፍ ይበላኛል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልሁ፣ ሕፃኗን አቅርበው አሳዩኝ፣ መረቅሁ፣ ገንፎ ቀረበ፣ በላሁ። ከብቱንም ዝናሙንም ተጠያየቅን። ከዚያ ለእናቷ በለዘበ አነጋገር፣ ከብርቄ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ጉዳይ እንደነበረችኝ፣ ቢቻል ዛሬውኑ ብትታይልኝ ደስ እንደሚለኝ ገለጽሁ።

ሴትዮዋ ቀለሟ ተለወጠ። ተነሥታ ወጣች። ቆይቼ ሳይ ባሏ ከእርሻ ተጠርቶ እጁን ሳይታጠብ ገባ፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ገቡ። በአራስ ቤት አማች ድንገት መጥቶ ጉዳይ አለኝ ካለ፣ ልጅቱን ከስሶ ሊመልስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማስበው።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጃችን ያጠፋችው ነገር ካለ» አለ፣ «ለይተው ይንገሩን። እኛም እንክሳለን።»

ለይተህ ተናገር! ወንድሜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ለሰው ያልሁትን ነገር ለኔ አሉኝ፤ እኔም ለይቼ አላውቀውም። «ከሁለት አንዱ ነው» አልሁ። «ወይ ስሙ ነው፣ ወይ የይለፍ ቃሉ።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከባድ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ከሥሩ አንሥቼ አወራሁላቸው፤ ዘሩን፣ ዓርብን፣ ቀዩን ጽሑፍ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ሽፍታውና ጉድጓዱ ላይ ስደርስ ጭኑን መታ።

ከመጋረጃው ወዲያ ብርቄ ሁሉንም ሰምታለች። ቀጭን ድምፅ መጣ።

«የይለፍ ቃሉ እንዳልሁዎት ነው።»

«ታዲያ ስሙ ነዋ!» አለ አባቷ። «የአማትሽን ስም አታውቂውም?»

እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ ሹክሹክታ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሣቅ ተሰማ፤ ታፍኖ ታፍኖ ያመለጠ ሣቅ። ወጥታ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆመች።

«ስማቸውን እንዴት ደፍሬ ልጻፍ ትላለች።»

እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እንዳገባች የአክብሮት ስም ታወጣለታለች፤ በዚያ ትጠራዋለች፣ በዚያ ትኖራለች። ብርቄ እኛ ቤት በገባች በሳምንቷ እኔን «መከታዬ» ብላኛለች። «መከታዬ እራት ቀረበ፣ መከታዬ ዶሮው ገብስ ገባ» ስትል ዓመት አልፏታል። የልማት ሠራተኛው የደብተሩን ስምና ቁጥር ራሱ ጻፈ፤ «መግቢያ ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን የምትሺውን ጻፊ ብሎ ስልኳን መለሰላት። አፏ ያልደፈረውን ጣቷ አልደፈረም። ለኔ ደግሞ «የጻፍሁት መከታዬ ብዬ ነው» ማለቱ አሳፈራት፤ ከቤት ውጭ የወጣ የቤት ስም ነውና። ዝም አለች፤ እኔም ሳልጠይቅ ቀረሁ።

እንግዲህ አስቡት። በቀን አሥር ጊዜ የምሰማው፣ አቤት ብዬ የምነሣበት ስም ነው። ሦስት ምስክር ቆጥሬ በአባቴ ስም ስሟገት፣ ገጹ የሚጠብቀኝ ምራቴ ባወጣችልኝ ስም ነበር። አባቷ ክሱ ይቅር ተባብለናል ብሎ መረቀ። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ግን ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳይመርቅ አይነሣም።

እዚያው አድሬ፣ ሐሙስ ቡሬ ድረስ በእግር ደክሜ፣ እዚያም አድሬ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳዊት ቢሮ ገባሁ። አያ ሽባባውም የራሱን ሊያጸድቅ መጥቶ ተቀምጧል። ዳዊት ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ስሙን ራሴ ልጻፍ አልሁ። አራት ፊደል ነው፤ ጊዜ ወሰደብኝ። ቦቄን ከነዓመቱ አስከተልሁ። ነካሁት።

ቀይ አልወጣም። በአረንጓዴ «እንኳን ደህና መጡ፣ መከታዬ» አለ።

ደነገጥሁ። ይህን ስም አፏ የሚያወጣው በዓለም ላይ አንዲት ሴት ናት፤ እሷም አራስ ናት። አሁን ብረት ጠራኝ። አያ ሽባባው ማን ነው መከታዬ ሲል የቤት ጉዳይ ነው አልሁት። «እወስዳለሁ» የሚለውን ነካሁ፣ ጸድቋል አለ፣ ዳዊትም የማረጋገጫ ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትሁት፤ እጄን ከኪሴ ላይ ለማንሣት ጊዜ ፈጀብኝ።

ልሄድ ስል ዳዊት እንዲያው በጨዋታ አስተያየት ጠየቀኝ። ነገርሁት። ምስጢሩ ደግ ነው፣ አይለወጥ። አነጋገሩ ግን የሰው አይደለም። እኛ የለንም ስንል እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ብለን ነው። ደጅ የመጣ ሰው ሌባ ሊሆን ይችላል፤ ሰባት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ባለቤትም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው መሆኑን ካላወቅህ ለሁለቱም በክብር ተናገር። ዳዊት ምን ይባል አለኝ። ተናገርሁ፣ ጻፈ፣ እዚያው ለወጠው፤ አንዲት መስመር ናት፣ አትከብድም አለ።

ቀጣዩ ባለጉዳይ አያ ሽባባው ነበር። እሱን ያስመዘገበው የእህቱ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ቁጥር በወረቀት ይዟል፣ አነበበው፣ አንዱን ዘለለ። ገጹ አሰበና አወጣ፤ ዳዊት ጮክ ብሎ አነበበለት፦

«አባቴ ሆይ፣ እናቴ ሆይ፤ ከስምዎና ከይለፍ ቃልዎ አንዱ አልገጠመልንም። የትኛው እንደሆነ የማንነግርዎት ንቀን አይደለም፤ ሌባ እንዳይሰማን ነው። አረፍ ብለው ያስቡ፤ ፎርሙን የሞላልዎትንም ሰው ይጠይቁ።»

አያ ሽባባው ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስቱን የምታውቁ ብትሆኑ ይገባችሁ ነበር፤ ደግ ሴት ናት፣ ግን ስትናገር እንደ በረዶ ነው። እስኪ ድገመው አለ። ዳዊት ቁጥሩን በደንብ እንዲያነብ ለመነው። አያ ሽባባው ወረቀቱን አየ፣ ቁጥሩን ጥርት አድርጎ አየ፣ እኔም ከጎኑ ሆኜ እያየሁ አንዱን ቁጥር አውቆ ለወጠው። እንደገና «አባቴ ሆይ» አለው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«አባቴ፣ አሥራ አንድ ሊሞላ አሥር ደቂቃ ነው» አለ ዳዊት። «አንድ ሙከራ ብቻ ነው የቀረዎት። ከሳቱ ለሠላሳ ደቂቃ ይዘጋል፤ ዘሩ ቀረ ማለት ነው።»

አያ ሽባባው አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ዝም ብሏል። እኔ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅሁና ቁጥሩን አንድ በአንድ ለዳዊት አነበብሁለት። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ፈጥኜ አንብቤ አላውቅም። ዳዊት ጻፈ፣ ነካ፣ ገባ። «እንኳን ደህና መጡ» አለና ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ገጹ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ሁለታችንም ወረቀታችንን ይዘን ወደ አገራችን አቀናን። ዳመናው ከቡሬ በኩል ተቆልሏል፤ መሬቱ ታርሷል፤ ዘሩ የኛ ነው። እኔ ደስታዬን ስጫወት አያ ሽባባው ዝም ብሎ ይራመዳል። ምን ሆነህ ነው አልሁት።

«አንተ ሰው» አለኝ፣ «ስሳሳት አባቴ ሆይ ሲለኝ ቆይቶ፣ ልክ ስሆን ዝም አለኝ እኮ።»